ከግብር በፊት የተቆረጠ ኮምፒውተር

ደመወዝተኛ ሰው ስለ ወር ገቢው ሲያስብ ትዝ የሚለው እጁ ላይ የሚደርሰው ገንዘብ ነው። የደመወዝ ወረቀቱ ግን ሁለት ቁጥር ይዟል፤ ከላይ ጠቅላላው ደመወዝ፣ ከታች የተጣራው። በሁለቱ መካከል የሥራ ግብሩ፣ ጡረታው፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ መዋጮና ሌላው ተቀናሽ ሁሉ ይደረደራል። አብዛኞቻችን ስንት ተቆረጠ ብለን እንጠይቃለን። የት ላይ ተቆረጠ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከግብር በፊት የተቆረጠ 25 ፓውንድና ከግብር በኋላ የተቆረጠ 25 ፓውንድ ወረቀቱ ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ፤ ከሠራተኛው ኪስ የሚያጎድሉት ግን እኩል አይደለም።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ልዩነት ነው። ማሳያ የማደርገው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ የተጀመረውን፣ ኮምፒውተርን በአሠሪ በኩል፣ ከደመወዝ እያስቆረጡ ለቤት የመግዛት ዘዴ ነው። ዘዴው ለብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያ ኮምፒውተራቸውን አስገኝቶላቸዋል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ደግሞ ደጅ አስቀርቷል። ሁለቱም የሆኑት በአንድ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ያለው ደመወዝ ወረቀቱ ላይ ነው።

በዚያን ዘመን ኮምፒውተር ቤት ማስገባት ቀላል ወጪ አልነበረም። ስክሪኑ፣ ማተሚያው፣ በስልክ መስመር የሚሠራው ሞደም ሁሉ ተደምሮ ዝቅተኛ ተከፋይ ለሆነ ሠራተኛ የወር ደመወዝ የሚጨርስ ነበር። በሌላ በኩል ኢንተርኔት እየመጣ ነው። የሥራ ማመልከቻው፣ ባንኩ፣ የልጆች የቤት ሥራ ወደዚያው እያመራ እንደሆነ መንግሥታቱ አይተዋል። ኮምፒውተር ባለበት ቤት ያደገ ልጅና በሌለበት ቤት ያደገ ልጅ ገና ሥራ ዓለም ሳይገቡ ሊራራቁ ነው የሚለው ስጋት እውነተኛ ነበር።

የስዊድን መንገድ

ቀዳሚዋ ስዊድን ናት። በዚያች አገር የሠራተኛ ማኅበራቱ ትልቁ ኮንፌዴሬሽን ኤልኦ እ.ኤ.አ. በ1997 ለአባላቱ በርካሽ ዋጋ ኮምፒውተር ማቅረብ ጀምሮ ነበር። ብዙ ሰው ከገዛ ዋጋው ይወርዳል በሚለው የጋራ ግዢ ጉልበት የሚሠራ፣ በመንፈሱ ከእኛ እቁብ ብዙም የማይርቅ ነገር ነው። መንግሥት በዚያ ላይ ትልቁን እርምጃ ጨመረበት። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮ አሠሪ ለሠራተኛው ለቤት መጠቀሚያ የሚሰጠው ኮምፒውተር እንደ ተጨማሪ ገቢ ተቆጥሮ ግብር እንዳይከፈልበት ተደነገገ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አሠሪው ኮምፒውተሩን ይገዛል ወይም ይከራያል፤ ሠራተኛው ቤቱ ወስዶ ይገለገልበታል፤ በአብዛኛው ለሦስት ዓመት ያህል ከጠቅላላ ደመወዙ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይቀነሳል። ቅነሳው ከግብር በፊት ስለሆነ ግብሩ የሚሰላው ባነሰ ደመወዝ ላይ ነው። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ ያረጀውን ኮምፒውተር ሠራተኛው በትንሽ ዋጋ ያስቀረዋል።

በሕጉ ውስጥ ከሁሉ አስተዋይ የምለው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ከግብር ነፃ ለመሆን ዕድሉ በመሠረቱ ለቋሚ ሠራተኞች ሁሉ የተከፈተ መሆን ነበረበት። አሠሪው ለሥራ አስኪያጆቹ ብቻ ልስጥ ካለ ነፃነቱ ይቀራል። ስለዚህ ቢሮ የሚያጸዳችው ሴትና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አንድ ዝርዝር ላይ ተመዘገቡ፤ አንድ ዓይነት ሣጥን ተሸክመው ወደ ቤት ሄዱ። በታክስ ሕግ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚሠራውን ሥራ ብዙ ሚሊዮን የወጣበት ዘመቻ ላይሠራው ይችላል።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። ሮይተርስ ጉዳዩን መለስ ብሎ ባየበት ዘገባ እንደጻፈው ከ1998 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት 850,000 ያህል ኮምፒውተሮች በዚህ መንገድ ተገዝተዋል፤ በወቅቱ ከነበሩት 4 ሚሊዮን ገደማ የስዊድን ቤተሰቦች አንድ አራተኛ ለሚጠጉት ደርሷል ማለት ነው። ክላርና የተባለውን የክፍያ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሴባስቲያን ሼምያትኮቭስኪ ከፖላንድ ከመጡ ስደተኞች የተወለደ ነው። የወላጆቹ አቅም ኮምፒውተር የሚገዛ እንዳልነበረ፣ ሕጉ ሲወጣ ግን እናቱ ሳይውሉ ሳያድሩ እንደገዙለት እሱ ራሱ ተናግሯል። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ስዊድን በቴክኖሎጂ የገሰገሰችባቸው ሌሎች ምክንያቶችም ብዙ ናቸው። የስደተኛ እናት ልጇን ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ዓለም ለማሳየት ሕግ የከፈተላትን በር በማግሥቱ መጠቀሟን ግን ባህር ማዶ ልጅ ያሳደገ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይረዳዋል።

የእንግሊዝ መንገድና ሒሳቡ

ብሪታንያ ተመሳሳዩን ሐሳብ በ1999 የፋይናንስ ሕጓ አስገባች። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን ነበሩ። ሕጉ አሠሪ ለሠራተኛው የሚያውሰውን ኮምፒውተር የሚመለከት ሲሆን፣ ከዚህ ውሰት በዓመት የሚገኝ እስከ 500 ፓውንድ የሚደርስ ጥቅም ከግብር ነፃ ሆነ። የዓመቱ ጥቅም የሚገመተው በዕቃው ዋጋ 20 በመቶ ነው። ስለዚህ ነፃነቱ እስከ 2,500 ፓውንድ የሚያወጣ ኮምፒውተር ይሸፍናል፤ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

ሕጉ ከወጣ በኋላ ለዓመታት ብዙም ሰው አልተጠቀመበትም። አሠሪዎች አሠራሩን አያውቁትም፤ የሚያውቁትም ይፈሩታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ከኮምፒውተር ኩባንያዎች ጋር ሆኖ ቀለል ያለ መመሪያ ሲያወጣ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። ከዚያ በኋላ በትላልቅ መሥሪያ ቤቶች በራሪ ወረቀቱ ከደመወዝ ወረቀቱ ጋር እየተያያዘ ይመጣ ጀመር።

እዚህ ላይ የሕጉን ቅርጽ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሠራተኛው ኮምፒውተር ገዛሁ ብሎ ያስባል። በሕግ ዓይን ግን የገዛው ነገር የለም። ያደረገው የሥራ ውሉን መለወጥ ነው፤ ደመወዜ በወር በዚህን ያህል ይነስ፣ በምትኩ አሠሪዬ ኮምፒውተር ያውሰኝ ብሎ ተስማምቷል። ኮምፒውተሩ ሦስቱን ዓመት የአሠሪው ወይም የአከራዩ ንብረት ነው። የዘዴው ጥቅምም ጉዳትም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ሦስት ዓመት ሙሉ በወር 25 ፓውንድ፣ በድምሩ 900 ፓውንድ የሚያስወጣ ኮምፒውተር እንውሰድ፤ ዘመኑ 2005 ይሁን። የለንደን አውቶቡስ የሚነዳ አንድ ሠራተኛ መደበኛውን የ22 በመቶ የገቢ ግብርና የ11 በመቶ የብሔራዊ ኢንሹራንስ መዋጮ ይከፍላል። ከጠቅላላ ደመወዙ 25 ፓውንድ ሲነሳ፣ ከዚያች 25 ፓውንድ ላይ ሊከፍለው የነበረው 8 ፓውንድ ከ25 ፔንስም አብሮ ይቀርለታል። እጁ ላይ የሚደርሰው የሚቀንሰው በ16 ፓውንድ ከ75 ፔንስ ብቻ ነው። በሦስት ዓመት 603 ፓውንድ ይሆናል። 900 ፓውንድ የሚያወጣውን ዕቃ በ603 አገኘው ማለት ነው፤ ያለ ወለድ፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ።

ከሹፌሩ እጅግ የሚበልጥ ደመወዝ የሚያገኘው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በላይኛው እርከን 40 በመቶ ግብርና 1 በመቶ መዋጮ ይከፍላል። ለእሱ በወር የሚቀርለት 10 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ነው። ያንኑ ኮምፒውተር በ531 ፓውንድ ያገኘዋል።

ሦስተኛዋ የባንኩን ሕንፃ ሌሊት የምታጸዳው ሴት ናት። ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ታገኛለች፤ ከኦክቶበር 2005 ጀምሮ 5 ፓውንድ ከ5 ፔንስ ነበር። ሕጉ ማንም ሠራተኛ ተስማምቶም ቢሆን በውሉ የተጻፈው ደመወዝ ከዚህ ወለል በታች እንዲወርድ አይፈቅድም። ሕጉ እሷን ለመጠበቅ የተሠራ ነው፤ መሠራቱም ትክክል ነው። እዚህ ግን ያ ጥበቃ በሩን ዘጋባት። ደመወዟ የሚቀነስበት ቦታ ስለሌለው ዘዴው ውስጥ ልትገባ አትችልም። ሱቅ ሄዳ 900 ፓውንዱን ሙሉውን ትከፍላለች፤ በዱቤ ከወሰደችው ወለድ ይጨመርበታል።

እንግዲህ ለአንድ ኮምፒውተር ሥራ አስኪያጁ 531፣ ሹፌሩ 603፣ ጽዳት ሠራተኛዋ 900 ፓውንድ። ይህንን ማንም በክፋት አላቀደውም። ግብርን በመተው የሚሰጥ ድጎማ ሁሉ ሲሠራ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ብዙ ግብር ለሚከፍል ብዙ ይተዋል፣ ጥቂት ለሚከፍል ጥቂት ይተዋል፣ ለማይከፍል ምንም የሚተው ነገር የለውም። ሥራ የሌለው ሰው፣ ጡረተኛው፣ በግሉ ታክሲ የሚነዳው፣ በኤጀንሲ በኩል ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚላከው ደግሞ ከመጀመሪያውም በዝርዝሩ ላይ የለም። አዲስ መጤ ስደተኞች በብዛት የሚገኙት በእነዚህ የሥራ ዓይነቶች ውስጥ መሆኑን ለመናገር ጥናት አያስፈልግም። በለንደን የእኛ ሰዎች የመጀመሪያ ሥራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሠራተኛውና መንግሥት ብቻ አይደሉም በሒሳቡ ውስጥ ያሉት። አሠሪውም በእያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ 12.8 በመቶ የኢንሹራንስ መዋጮ ይከፍል ነበር። ደመወዙ በ25 ፓውንድ ሲያንስ አሠሪው በወር 3 ፓውንድ ከ20 ፔንስ ይቀርለታል። ጥቂት ይመስላል። አንድ ሺህ ሠራተኛ የገባበት መሥሪያ ቤት ግን በሦስት ዓመት 115,200 ፓውንድ ያተርፋል። አንዳንዱ አሠሪ ይህንን ለሠራተኛው በዋጋ ቅናሽ ይመልስለታል፤ አንዳንዱ የአስተዳደር ወጪዬ ነው ብሎ ያስቀረዋል። የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሉ በራሪ ወረቀት ሲያድል ይህን ቁጥር አይጽፈውም። መጠየቅ ግን ይቻላል።

ሁሉንም ስንደምረው የሕዝብ ካዝና ለሹፌሩ ኮምፒውተር 412 ፓውንድ ከ20 ፔንስ፣ ለሥራ አስኪያጁ 484 ፓውንድ ከ20 ፔንስ ትቷል። ከአንድ ኮምፒውተር ዋጋ ግማሽ ያህሉ በሌሎች ግብር ከፋዮች ተሸፍኗል። ከነዚያ ግብር ከፋዮች አንዷ ያቺ ጽዳት ሠራተኛ ናት።

ደመወዝ ሲያንስ አብሮት የሚያንሰው

እስካሁን ያየነው ዘዴው በዕቅዱ መሠረት ሲሄድ ያለውን ነው። ሰው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይቀመጥ ይችላል።

ሹፌራችን ኮምፒውተሩን በወሰደ በዓመቱ የተሻለ ሥራ አገኘ እንበል። እስከዚያ ከእጁ የወጣው 12 ጊዜ 16 ፓውንድ ከ75፣ ማለትም 201 ፓውንድ ነው። የቀረው የ24 ወር ክፍያ 600 ፓውንድ ነው። ብዙዎቹ ውሎች ይህ ቀሪ ገንዘብ ከመጨረሻው ደመወዝ አንድ ጊዜ እንዲቆረጥ ያዛሉ፤ ያውም ከግብር በኋላ ካለው ገንዘብ። የግብሩ ጥቅም እዚያ ላይ ቆመ። በድምሩ 801 ፓውንድ ከፈለ፤ አንድ ዓመት ላገለገለ ኮምፒውተር። ከሁሉ የከፋው ጊዜው ነው። አዲሱ ደመወዝ ገና ሳይገባ፣ የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ወር፣ የመጨረሻው ደመወዝ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ሥራ ቶሎ ቶሎ ለሚቀይር ሰው ይህ ውል አይመከርም ስል በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው በደመወዝ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላው ነገር ሁሉ ነው። በብሪታንያ የወሊድ ክፍያ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከአማካይ ደመወዝ 90 በመቶ ነው። አማካዩ የሚሰላው ከመውለጃዋ በፊት ባሉ የተወሰኑ ሳምንታት በተከፈላት ደመወዝ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ደመወዟን ለኮምፒውተር የቀነሰች ነፍሰ ጡር የወሊድ ክፍያዋም አብሮ ይቀንሳል። የጡረታ መዋጮም አሠሪው በተቀነሰው ደመወዝ ላይ ካሰላው እንዲሁ ነው፤ ጠንቃቃ አሠሪዎች ጡረታውን በቀድሞው ደመወዝ ላይ ማስላት ይቀጥላሉ፤ ሁሉም ግን ጠንቃቃ አይደለም። የቤት መግዣ ብድር የሚጠይቅ ሰውም ባንኩ የሚያየው ደመወዝ ያነሰው መሆኑን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዘዴውን ለማጥላላት አይደለም። ከቁጥሩ ባሻገር የማከብረው ጥቅም ነበረው። በአሠሪ በኩል የመጣው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ዋስትናና የስልክ ድጋፍ አብሮት ነበር። በሕይወቱ አንድም ቀን ኮምፒውተር ከፍቶ ለማያውቅ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ደውሎ የሚጠይቀው ሰው መኖሩ ከዋጋ ቅናሹ ሊበልጥ ይችላል። ከዚህም በላይ ክፍያው ከደመወዝ ስለሚቆረጥ ውሉን ለማግኘት የባንክ የብድር ታሪክ ብዙም አይጠየቅም። ቋሚ ሥራ ይዞ የብድር ታሪክ የሌለው አዲስ መጤ ከሱቅ በዱቤ ሲከለከል በመሥሪያ ቤቱ በኩል ያገኛል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በግብር ሳይሆን በኩባንያ ችሮታ የተሞከረ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 የፎርድ ሞተር ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዣክ ናስር በዓለም ዙሪያ ላሉት 350,000 ሠራተኞቹ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና ኢንተርኔት በወር 5 ዶላር እንደሚያቀርቡ አስታወቁ። ዴልታ አየር መንገድም ወዲያው ተከትሎ ለ72,000 ሠራተኞቹ በወር 12 ዶላር ለ36 ወር የሚል ዕቅድ አወጣ። የፋብሪካው ሠራተኛና የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት አንድ ዋጋ ነው የሚከፍሉት። በዚህ በኩል ከእንግሊዙ ዘዴ ፍትሐዊ ነው። ጉድለቱ እንዲህ ያለውን ነገር ሊያደርግ የሚችለው ሀብታም ኩባንያ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱም ትርፍ ባለበት ዓመት።

አሥራ አምስት ቀን

እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2006 ጎርደን ብራውን የዓመቱን በጀት አቀረቡ። በበጀቱ ሰነዶች ውስጥ የ1999ኙ የኮምፒውተር ነፃነት ከኤፕሪል 6 ጀምሮ እንደሚሰረዝ ተጽፎ ነበር። አሥራ አምስት ቀን። ከዚያ በፊት የተፈረሙ ውሎች እንደነበሩ ይቀጥላሉ፤ አዲስ ግን የለም። ሠራተኞቻቸውን መመዝገብ የጀመሩ አሠሪዎች መሐል መንገድ ላይ ቀሩ፤ ሥራቸውን በዚህ ላይ ብቻ የመሠረቱ አቅራቢዎች ገበያቸው በሁለት ሳምንት ተዘጋ።

የግምጃ ቤቱ ክርክር ጥቅሙ በቂ ሆኖ ለታለመላቸው ሰዎች አልደረሰም የሚል ነበር። ከላይ ያየነው የሦስቱ ሠራተኞች ሒሳብ ይህ ክርክር ውሸት እንዳልነበረ ያሳያል። እኔ ግን ፍርዱ ልክ ሆኖ ቅጣቱ የተሳሳተ ነው እላለሁ። 531ን ለመከልከል ሲባል 603ቱም ተከለከለ። ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛው የነበራቸውን አጡ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ በዚያን ቀን ያገኘችው ነገር የለም። ለእሷ ቤት የሚሆን ዕቅድ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ራሳቸው ብራውን፣ በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው፣ በኦልደምና በሰፎክ ከተሞከረ በኋላ በጃንዋሪ 2010 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው 270,000 ቤተሰቦች ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በቀጥታ ድጋፍ የሚሰጥ የ300 ሚሊዮን ፓውንድ ዕቅድ በአገር ደረጃ አስጀመሩ። በዚያው ዓመት መንግሥት ተለወጠ፤ ዕቅዱም ዕድሜው አጭር ሆነ። የሰጠውም የሰረዘውም፣ በሌላ መልክ መልሶ የሰጠውም አንድ ሰው መሆኑ የግል ወላዋይነት አይመስለኝም። ግብር መተውና ገንዘብ መስጠት ሁለቱም ከአንድ ካዝና የሚወጡ ቢሆኑም የሚደርሱት ለተለያዩ ሰዎች ነው፤ ብራውን ይህንን በተግባር የተማሩት ዘግይተው ነው። ስዊድንም ነፃነቱን ከ2007 መጀመሪያ አንሥቶ አስቀረችው። እሷ ግን ያስቀረችው አብዛኛው ቤት ኮምፒውተር ከገባበት በኋላ ነው።

በ1999 የእንግሊዝ ሕግ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር የተወለደ መንትያ ነበር፤ ወደ ሥራ መሄጃ ብስክሌት በዚሁ መንገድ ከደመወዝ ማስቆረጥ። እሱ እስካሁን አለ። ኮምፒውተርም በብሪታንያ መሥሪያ ቤቶች፣ በተለይ በሕዝብ ሆስፒታሎች፣ ዛሬም ከደመወዝ እየተቆረጠ ይሸጣል፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩባቸው ቦታዎች ናቸው። በራሪ ወረቀቱ እንደ ድሮው ነው፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ደመወዝ ተቀንሶ የሚወሰድ ኮምፒውተር የገቢ ግብር ይከፈልበታል። ለሠራተኛው የሚቀርለት የብሔራዊ ኢንሹራንሱ መዋጮ ብቻ ነው። ይህም ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለአብዛኛው ሠራተኛ 8 በመቶ ነው። ያቺ የ25 ፓውንድ ቅነሳ በ2005 ለሹፌሩ 8 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ታተርፍለት ነበር፤ ዛሬ 2 ፓውንድ ታተርፍለታለች። ግብሩም አንዳንዴ ወዲያው አይቆረጥም፤ በሚቀጥለው ዓመት የታክስ ኮድ ተለውጦ ይመጣል፣ ሰውም ደመወዜ ለምን ቀነሰ እያለ ይጨነቃል። በዚያ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ካታሎግ ዋጋ ከሱቁ ዋጋ በልጦ ከተገኘ 2 ፓውንዷ ገና ከመጀመሪያው ወር ተበልታለች።

በእኛ አገር

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ከደመወዙ እያስቆረጠ ዕቃ መግዛት የለመደው ነው። ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ላፕቶፑም በመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር በኩል ይገዛል። ልዩነቱ የእኛው ተቀናሽ ከግብር በኋላ መሆኑ ነው። መንግሥት የሚተወው ነገር የለም፤ የሚገኘው ጥቅም ብድሩን ማግኘቱና ወለዱ መጠነኛ መሆኑ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ብዙ ቤት ያዳነ ድንጋጌ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ወጣት ባለሙያዎች መንግሥት ለላፕቶፕ እንዲህ ያለ ከግብር በፊት የሚቆረጥ ዕድል ቢፈቅድ ይላሉ። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ የእንግሊዙን ስሕተት ግን አብረን እንዳንቀዳው እፈራለሁ። ሒሳቡን በራሳችን ሠንጠረዥ እንሥራው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው፤ ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በወር 1,000 ብር ከግብር በፊት ቢቆረጥ 20,000 ብር የሚያገኘው ሰው 350 ብር ይቀርለታል። 3,500 ብር የሚያገኘው 150 ብር። 2,000 ብር የሚያገኘው ምንም። የጡረታ መዋጮውም፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ፣ የሚሰላው በደመወዝ ላይ ነው፤ ደመወዙ በውል ካነሰ ጡረታውም ያንሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ የሚወጣ ከሆነ ሦስት ነገር አብሮት መጻፍ አለበት፦ ዕድሉ ለሠራተኛው ሁሉ ክፍት መሆኑ፣ ጡረታው በቀድሞው ደመወዝ ላይ እንዲሰላ፣ ግብር ለማይከፍለው ዝቅተኛ ተከፋይ ደግሞ እኩል የሆነ ቀጥተኛ ድጋፍ። የመጀመሪያውን ስዊድን ጽፋው ነበር። ሦስተኛውን ብሪታንያ ዘግይታ ሞከረችው።

ለንደን ይሁኑ አዲስ አበባ፣ ስቶክሆልም ይሁኑ ዱባይ፣ አሠሪዎ ኮምፒውተር ከደመወዝዎ እየተቆረጠ ላቅርብልዎ ካለዎት ከመፈረምዎ በፊት ወደ ደመወዝ ክፍል ይሂዱ። ተቀናሹ ተቆርጦ የሚመጣው የደመወዝ ወረቀት ምን እንደሚመስል በሙከራ አውጥተው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ጠቅላላው፣ ግብሩ፣ ጡረታው፣ የተጣራው፣ ሁሉም እንዲታይ። ቀጥሎ በስድስተኛው ወር ሥራ ብለቅ ስንት እከፍላለሁ ብለው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ከዚያ ያንኑ ኮምፒውተር ሱቅ ሄደው ዋጋውን ይጠይቁ። የደመወዝ ክፍሉ የሙከራውን ወረቀት ሊያሳይዎ ካልፈለገ አይፈርሙ።